ቁጥሩን ብቻ የሚነካ ብርሃን፦ ለማታ ዴሊቨሪ ባትሪ ስመርጥ

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ትናንት ሰዓት ተቀየረ። ከአሁን በኋላ ፀሐይ የምትጠልቀው 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ በአገር ቤቱ አቆጣጠር 11 ሰዓት። የእራት ኦርደር የሚጎርፈው ከዚያ ወዲያ ስለሆነ፣ እስከ ማርች ድረስ ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ሥራዬ ጨለማ ውስጥ ነው። የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ፎልስ ቸርች፣ አንዳንዴም ድልድይ ተሻግሬ ዲሲ።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ቅዳሜ ማታ በደረሰብኝ ነገር ነው። ለቤተሰብ የሚበቃ እራት ይዤ አንድ ሰፈር ገባሁ። የምፈልገው 2811ን ነው። ካርታው ሦስት በር አልፎ አቆመኝ። በስልኬ መብራት ወደ በሩ ባበራም ብርሃኑ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። ቀረብ ብዬ 2811 ያነበብኩ መሰለኝ፤ ምግቡን አስቀምጬ፣ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። ቤቱ 2817 ነበር። የመጨረሻው ቁጥር አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ በቅጠል ተሸፍናለች፤ 7ቱ 1 ሆኖ ታየኝ። የምሠራበት ድርጅት ጥፋቱን እኔ ላይ መዘገበ፤ ልጆች ያሉበት ቤትም እራቱን ሳያገኝ አደረ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ይቅር ያልኩት ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በኤፕሪል 2023 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወንድሞቹን ሊወስድ ወጥቶ፣ 115ኛ ቴራስ መሄድ ሲገባው 115ኛ ስትሪት ላይ ያለ ቤት ደወል ደወለና በጥይት ተመታ። እግዚአብሔር አተረፈው። ከሁለት ቀን በኋላ ኒውዮርክ ስቴት ገጠር ውስጥ፣ ቤት ተሳስቶ ግቢ የገባ መኪና ዞሮ ሲወጣ ተተኩሶበት አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ሞተች። እኔ በማታ 20፣ 25 በር ነው የምረግጠው። ቁጥሩን መንገድ ላይ ቆሜ ሳላነብ የሰው ግቢ መግባት ማቆም አለብኝ። ለዚህ ደህና ባትሪ ያስፈልገኛል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ላጥራ፤ እዚህ የምጽፈው ባትሪ እኛ ቤት ባትሪ የምንለው፣ በእጅ ተይዞ የሚበራው ነው። ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ እለዋለሁ። ሱቅ ገብቼ ለአንድ የአገሬ ልጅ “ባትሪ አለ?” ብዬ ድንጋይ አውጥቶ ስለሰጠኝ ነው ይህን መጻፌ።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ባትሪ ከመግዛቴ በፊት ሥራዬን ልለካ አልኩ። ሁለት ማታ፣ በር በደረስኩ ቁጥር ከመኪናዬ መስኮት እስከ ቁጥሩ ድረስ በእርምጃ ቆጠርኩ። የእኔ እርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ በሜትር አረጋግጫለሁ።

ተያይዘው የተሠሩት ቤቶች ከ8 እስከ 12 ሜትር ናቸው። አፓርትመንቶቹ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቀይ ጡብ የሆኑት፣ የሕንፃው ቁጥር ከመግቢያው በላይ ስለሚለጠፍ ከመኪና ማቆሚያው ከ15 እስከ 25 ሜትር ይርቃል። ለብቻ የቆሙት ቤቶች ከ20 እስከ 35። ከ40 በላይ ያገኘሁት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ዳር ባለ የፖስታ ሣጥን ላይ ቁጥር ስለነበረው አልተቸገርኩም።

በብዙ ቦታ የእሳት አደጋ ደንቡ የቤት ቁጥር ቁመት ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ ቀለሙም ከጀርባው እንዲለይ ያዛል። በተግባር ግን ጥቁር ብረት ጥቁር እንጨት ላይ የተመታ፣ ነሐስ ቀይ ጡብ ላይ የተመታ፣ ከጽጌረዳ ሐረግ ኋላ የተሸሸገ ሞልቷል። ስለዚህ የምፈልገው ይሄ ነው፦ ከ10 እስከ 35 ሜትር ድረስ የአንድ መዳፍ ያህል ቁጥር የሚያስነብበኝ፣ የቤቱን መስኮቶች ግን የማይነካ ብርሃን።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ግዢ፤ 12 ዶላር። ማሸጊያው ላይ 100,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል። አናቱን ወደ ፊት ሲስቡት ብርሃኑ የሚጠብ፣ ወደ ኋላ ሲገፉት የሚሰፋ ዓይነት ነው። ሦስት ትናንሽ ድንጋይ ይበላል።

ሙሉ በሙሉ ሳጠበው ግድግዳው ላይ የወጣው ክብ ብርሃን አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው፤ ልክ እንደ ብስኩት። መጀመሪያ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። ለካ የማየው የራሱ የመብራቷ ቅርጽ ነው፤ ሌንሱ አጉልቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋታል። ከብስኩቱ ውጭ ድቅድቅ ነው። መስኮት አይነካም፣ ያ ጥሩ። ግን አናቱ በተሳበ ቁጥር ሌንሱ ከመብራቷ ስለሚርቅ፣ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን ሁሉ ባትሪው ሆድ ውስጥ ቀርቶ ይባክናል። 20 ሜትር ላይ ቁጥር እንዳለ አያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላነብም። አራተኛው በር ላይ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አናቱ በራሱ ተገፍቶ ሰፍቶ ጠበቀኝ። በአንድ እጄ ሾርባ ይዤ በሌላው ልስበው አልችልም።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ቤት ስንቀመጥ ነገሩን ለጋሼ አነሳሁት። ጋሼ ዲሲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፓርኪንግ የሠሩ፣ ከዚያም ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ምንም ሳይሉ ወደ መኪናቸው ሄዱና ማግላይት ይዘው ተመለሱ። ከ1979 ጀምሮ ያለ፣ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ርዝመቱ ከክንዴ የማይተናነስ ጥቁር ብረት። በፓርኪንግ ዘመናቸው የገዙት ነው። አናቱን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ብርሃኑ ይጠብና ይሰፋል፤ ሲሰፋ መሃሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይወጣል። አምፖሉ ቢጫ፣ ደከም ያለ ነው፤ ግን ጠባቧ ብርሃን ከመንገድ ማዶ ያለ ታርጋ ታስነብባለች።

“ጋሼ፣ ይሄን ያውሱኛ” አልኳቸው።

“አልሰጥህም ልጄ” አሉኝ፤ እጄ ላይ እያዩ። “ይሄ ብርሃኑ ሳይበራ ምን ይመስላል? ዱላ ነው። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ዩኒፎርም ለብሼ ነው የያዝኩት። አንተ በሌሊት፣ ሰው በር ላይ፣ ጥቁር ብረት ይዘህ ብትቆም ከውስጥ የሚያይህ ሰው ምን ያውቃል? ትንሽ ፈልግ። መዳፍህ ውስጥ የሚደበቅ።”

ይህን በምንም መጽሔት ላይ አላነብም ነበር። ከፍላጎቴ ዝርዝር ላይ ጻፍኩት፦ ከመዳፌ ብዙ የማይበልጥ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ሁለት ማታ ሳነብ ቆየሁ። ባትሪ ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚያየው ሉመን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ የትም ይሂድ የት። ለእኔ ሥራ የሚጠቅመው ካንዴላ ነው፤ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ሲሄድ ያለው ብርታት። ግቢ የሚያጠጣ ሰው ያውቀዋል፦ ከጎማው የሚወጣው ውሃ ያው ነው፤ አውራ ጣትህን ጫፉ ላይ ስትጭን ግን አጥሩ ድረስ ይወረወራል።

ማሸጊያዎች ላይ የሚጻፈው ርቀት የሚወጣው ኤፍኤል 1 ከሚባለው፣ መጀመሪያ በ2009 ከወጣው የአሜሪካ መለኪያ ነው። ርቀቱ ማለት ብርሃኑ 0.25 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) እስኪሆን ድረስ የሚሄድበት ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል። በጨረቃ ሰው ከዛፍ ይለያል እንጂ የቤት ቁጥር አይነበብም። ስለዚህ “200 ሜትር” የተባለውን ባትሪ 200 ሜትር ላይ አነባለሁ ማለት አይደለም።

ስሌቱ ግን ቀላል ነው፤ ለራሴም ይጠቅመኛል። ካንዴላውን ለርቀቱ ካሬ አካፍል፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው ሉክስ ይወጣል። 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ 25 ሜትር ላይ፣ 10,000 ለ625፣ 16 ሉክስ ይሰጠኛል። ይህ ደህና አድርጎ ያስነብባል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስልኬ ለምን ግማሽ መንገድ እንደቀረ አሁን ገባኝ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

አብሮኝ የሚሠራ ወንድም “የምን ሂሳብ ነው፣ ይሄን ያዝ” ብሎ የራሱን አዋሰኝ። 3,000 ሉመን፣ ይሄኛው እውነተኛ። አናቱ ሰፊ፣ ብርሃኑም ሰፊ።

አንድ ማታ ብቻ ነው የያዝኩት። አናንዴል ውስጥ አንድ ነጭ ቤት ላይ ስለቅቀው ቤቱ በሙሉ፣ ጣሪያው፣ የጎረቤቱ አጥር፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት የመኝታ ቤት መስኮቶች ሳይቀሩ ቀን ሆኑ። ነጩ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ዓይኔ ላይ ጣለው። ቁጥሩን ያነበብኩት አጥፍቼ፣ ዓይኔ እስኪመለስልኝ ቆሜ፣ ተራምጄ ነው። ከላይ መጋረጃ ተከፈተ፤ አንድ ሰው “ማነው?” ብሎ ጮኸ። “ዴሊቨሪ!” አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሰው ልጅ የተኛበትን ክፍል ማብራት መብት የለኝም። ባትሪው ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጄን ሲያቃጥለኝ ራሱ ብርሃኑን ቀነሰ፤ እነዚህ ትንንሽ ሆነው ብዙ የሚያበሩት ሁሉም ሙቀቱን ስለማይችሉት እንደዚያ ያደርጋሉ።

ማምሻውን መለስኩለት። እሱ የሚሠራው ትልልቅ አፓርትመንት ግቢ ነው፤ ደረጃና ኮሪደር ብቻ፤ ለእሱ ልክ ነው።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

የአፓርትመንታችን ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አንዱ ጥግ መብራቱ የተቃጠለበት ቦታ አለ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ 5 ሜትር ለክቼ በኖራ መስመር አሰመርኩ። 20 ዶላር የገዛኋት የብርሃን መለኪያ አለችኝ። ከ5 ሜትር የሚለካው ሉክስ በ25 ሲባዛ ካንዴላውን ይሰጣል።

እስካሁን እጄ የገቡት አራት ናቸው፤ አራተኛው ዛሬ የደረሰው ነው። ጣት የሚያህል ትንሽ አይደለም፤ ግን መዳፌ ይሸፍነዋል፣ አናቱ ብቻ ትንሽ ሰፋ ይላል። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ጎድጓዳ ጥልቅና ልስልስ ነው፤ መብራቷ ደግሞ በጣም ትንሽ ነች። ጠባብ ብርሃን የሚወልዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ጎድጓዳው ሰፍቶ ሲጠልቅ፣ መብራቷ ስታንስ።

ብስኩቱ 5 ሜትር ላይ አርባ ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን፤ 70 ሉክስ። ማለት 1,750 ካንዴላ፤ 100,000 ሉመን የተባለው ይሄ ነው። የጋሼ ማግላይት (ለአንድ ማታ ለመለካት ለመንኳቸው፣ መኪና ውስጥ እንደሚቆይ ምዬ) 260 ሉክስ። የወንድሜን ባትሪ ከመመለሴ በፊት እዚሁ ለክቼው ነበር፤ 380 ሉክስ፣ ግን ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ነበር። አዲሱ በከፍተኛው 640፤ በ25 ሲባዛ 16,000 ካንዴላ። መሃሉ ላይ ያለው እንብርት ዲያሜትሩ 52 ሳንቲ ሜትር፤ በዙሪያው ደግሞ እንደ ጥላ የሳሳ ሰፊ ክብ አለ።

52 ሳንቲ ሜትር በ5 ሜትር ማለት 25 ሜትር ላይ 2 ሜትር ከ60 ነው። አንድ በርና ፍሬሙ። መስኮቱ ውጭ ይቀራል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሳየው ደስ አለኝ፤ ለሁለት ሳምንት በቃል ስፈልገው የነበረውን ነገር በሜትር አገኘሁት።

የበለጠ ጠባብም አለ። ቅዳሜ የአደን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ በሌዘር የሚሠራውን ዓይነት አይቼ ነበር። 5 ሜትር ላይ አንዲት ስንዝር የምታህል ክብ፤ ዙሪያዋ ምንም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል ይላሉ። በሱቁ የጀርባ በር በኩል መኪና ማቆሚያው ማዶ ያለ ምልክት ላይ ሞከርኩት። ያበራሁበትን በደንብ አያለሁ፤ ግን የት እንዳበራ ለማወቅ ጊዜ ይወስዳል። ቁጥሩ የት እንዳለ የማላውቅ ሰው፣ በመቃ ቀዳዳ ቤት እንደመፈለግ ነው። ዋጋውም የአንድ ሳምንት ቤንዚን ነው። ተውኩት።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። ዝናብ ሙሉ ማታ።

ዝናብ የለመድኩትን ሁሉ ገለበጠው። አዲሱን ባትሪ እንደ ልማዴ ከጆሮዬ አጠገብ ይዤ ሳበራ ያየሁት ቤት አይደለም፤ የሚያብረቀርቁ የዝናብ ክሮች መጋረጃ ነው። ብርሃኑ ከዓይኔ አጠገብ ሲነሳ ጠብታዎቹ መልሰው ወደ ዓይኔ ይልኩታል። እጄን በመኪናው መስኮት አውጥቼ ወደ ታች፣ ከበሩ እጀታ በታች አወረድኩት፤ መጋረጃው ሳሳ፤ ቁጥሩ ወጣ። አንድ ክንድ ያህል ርቀት ነው ልዩነቱ።

እዚያው ሳለሁ ተቃራኒውን አየሁ። አንዳንድ የፖስታ ሣጥኖች ላይ ያለው ቁጥር እንደ መንገድ ምልክት የሚያበራ ቁስ ነው። ያ ቁስ ብርሃኑን የሚመልሰው ወደ መጣበት ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ከዓይኔ ሲርቅ ይደበዝዛል፣ ከጆሮዬ አጠገብ ሳደርገው እንደ ፍም ይበራል፤ በትንሹ ብርሃንም ይበቃል።

ሦስተኛው ደግሞ ነሐሱ ነው። ቀይ ጡብ ላይ ያለ የነሐስ ቁጥር ፊት ለፊት ሲበራበት አብረቅርቆ ይጠፋል፤ 3 ይሁን 8 አይታወቅም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብዬ በገደምዳሜ ሳበራ ቁጥሩ ጡቡ ላይ የራሱን ጥላ ይጥላል። የማነበው ያን ጥላ ነው። ለአምስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ጥላ ማንበብ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። 2817ን እንዲህ አብርቼበት ቢሆን የ7ቱ ክንድ ከቅጠሉ ሥር ትታየኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገ በዚያ ሳልፍ አያለሁ።

የመኪናውን መስታወት ሳልከፍት ማብራት አይሞከርም። ከብርሃኑ የተወሰነው መልሶ ፊቴ ላይ ነው የሚያርፈው።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

አየሁት። ከመንገድ፣ ከጎን፣ በመካከለኛው ብርሃን። 7።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ስለ ድንጋይ። ባትሪው የሚበላው 18650 የሚባለውን ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው ስሙ። ልጅ ሆኜ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በጥርሳችን ነክሰን አንድ ማታ እንጨምርበት ነበር። ይሄኛው ሊቲየም ነው፤ ሙቀትም ንክሻም አይወድም። መኪና ዳሽቦርድ ላይ በጋ ላይ መተው የለበትም፤ ቆዳው የተላጠ ከሆነም መጣል ነው።

መጠባበቂያ ብዬ ሁለት ርካሽ አዘዝኩ፤ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። በዚህ መጠን ደህና የሚሠራው 3,500 ገደማ ስለሚይዝ ጠረጠርኩ። ባለቤቴ ቅመም የምትመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከባትሪው ጋር የመጣው 47 ግራም። አዲሱ 31። ያን ያህል ቀሎ ሦስት እጥፍ ሊይዝ አይችልም። ባትሪው ውስጥ ሲገባ በከፍተኛው 20 ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ሁለቱንም ዕቃ ሱቅ ውስጥ ያለው የድንጋይ መሰብሰቢያ ሣጥን ከተትኳቸው። በደህና ስም የሚታወቅ፣ ከታመነ ሻጭ የመጣ አንድ ገዛሁ፤ ዋጋው የሁለቱ ነው።

ብርዱ ጉልበቱን እንደሚቀንሰውም አይቻለሁ። መኪና ውስጥ ትቼው ባደርኩ ማግስት ማታ ቶሎ ይደክማል፤ ጃኬቴ የውስጥ ኪስ ሲሆን አይደክምም።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

የታንክስጊቪንግ ዋዜማ፤ 27 በር። አንድም አልሳትኩም።

ከአጠቃቀሙ የተማርኩትን ልጻፈው። ማብሪያው ከጀርባው ነው፤ ቀስ ብዬ ስጫነው ይበራል፣ ስለቀው ይጠፋል፤ ቋ ብሎ እስኪገባ ድረስ ካልገፋሁት አይቆይም። ለቁጥር ንባብ ይሄ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ጨለማ። ዓይን ከጨለማ ጋር በደንብ ለመላመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ብርሃኑ ባጠረ ቁጥር የማጣው ያንሳል። ጎኑ ላይ ብቻ ማብሪያ ያለው ዓይነት ጓንት አድርጌ በጨለማ ስፈልገው ይጠፋኛል።

መነሻው ዝቅተኛው ብርሃን እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ብዙዎቹ በከፍተኛው ወይም ባለፈው በተጠቀምክበት ይጀምራሉ። የሚብለጨለጨውን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት፤ በስህተት የሰው መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም ቢል ፖሊስ መስሎ ያስደነግጣል።

ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላ ብርሃኑ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እንብርቱ ከፊቴ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ዙሪያው ያለው የሳሳ ብርሃን ደግሞ እግሬ ሥር። በዚህ ወር እርጥብ ቅጠል ደረጃ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ያ የሳሳ ክብ ባይኖር እወድቅ ነበር፤ ብስኩቱን የጣልኩበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

በሩ ጋ ስደርስ ባትሪውን የያዝኩት ቦርሳ ላይ አበራለሁ። አገር ቤት ሰው ግቢ ስንቀርብ ከሩቅ “ቤቶች!” እንል የለ? አባቴ ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማንንም አጥር አያልፍም ነበር። እዚህ የሚጮህ ሰው ራሱ ያስፈራል። ቦርሳው ላይ የወደቀው ብርሃን በመስኮት ለሚያይ ሰው ማን እንደመጣ ይነግረዋል፤ ቀይ ቦርሳ፣ ምግብ፣ ሁለት እጅ። እስካሁን መጋረጃ የገለጠ ሰው እጁን አውለብልቦልኛል እንጂ አልጮኸብኝም።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ ጨረቃዋ ሙሉ ነች። ዲሲ ገብቼ ነበር። እዚያ ያው አድራሻ በአራቱም አቅጣጫ ሊኖር ስለሚችል፣ ኖርዝ ዌስት ይሁን ሳውዝ ኢስት ከመንገዱ ምልክት ላይ ማየት ግድ ነው። የመንገዱ ምልክት የሚያበራ ቁስ ስለሆነ በዝቅተኛው ብርሃን፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ አነበዋለሁ። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር በመንገዱ በሁለቱ ወገን ስለሚለዩ አንዱን ወገን ብቻ መፈለግ ይበቃል።

አንድ ኦርደር መሃል ላይ ባትሪውን አጥፍቼ በጨረቃው ብቻ ቤቱን አየሁት። በሩ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ከበሩ በላይ የሆነ ነገር አለ። ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አይነበብም። ማሸጊያው ላይ የሚጽፉት ርቀት ይሄ ነው እንግዲህ። 253 ሜትር የተባለው ባትሪዬ ለእኔ 40 ሜትር ባትሪ ነው፤ ይበቃኛል።

ዲሴምበር 7፣ እሁድ

ጋሼ ጠየቁኝ፤ “አገኘህ?” አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸውን አጠፉበት፤ ጠፋ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ወጥተን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንፃ ቁጥር አበሩበት፤ ሁለት ሰከንድ፣ እንደ ነገርኳቸው። ብርሃኑ በጣም ነጭ ነው አሉ፤ እውነት ነው። እሳቸው የለመዱት ቢጫ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ መብራት ያለውም ይሸጣል፤ ነሐስን ከቡናማ እንጨት በተሻለ ይለያል ብዬ እገምታለሁ፤ ትንሽ ርቀት ግን ይቀንሳል። የእሳቸውን ዓይነት ፈልጌ እንድገዛላቸው ነገሩኝ፤ ሌሊት አይሠሩም አሁን፤ ለቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ነው የሚፈልጉት።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

የቀረው ክሊፑ ነው። ሱሪዬ ኪስ ላይ ሲንጠለጠል አናቱ ወደ ታች ስለሚሆን ስቀመጥ የመኪናውን ወንበር ይቧጭራል፤ አንድ ጊዜም ተጭኖ ኪሴ ውስጥ በርቶ ጨርቁን አሞቀው። አሁን መኪና ስነዳ ጅራቱን ሩብ ዙር ፈታ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ቢጫኑትም አይበራም። ለሳምንት ሞክሬ ካልተመቸኝ ቀበቶ ላይ የሚገባ ሰገባ እሰፋለታለሁ፤ ከአሮጌ ጫማ የተረፈ ቆዳ አለኝ።

ዛሬ ማታ 22 በር። ድንጋዩን የሞላሁት ዓርብ ነበር፤ አሁን ለካሁት፣ 3.9 ቮልት።